የወንድሜ ሁለተኛ ዓይን

እናቴ መርዶ አልቀበልም አለች። ሰው ሰርግ አልሄድም፣ ጠበል አልቀምስም ሊል ይችላል፤ መርዶ አልቀበልም ያለ ሰው ግን ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም አላየሁም። ዘመዶቻችን እንደ ወጉ ጎሕ ሲቀድ መጥተው በራችንን መቱ። የበኩር ልጇ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ቆላ በዘመተበት በንዳድ መሞቱንና ጓደኞቹ መንገድ ዳር መቅበራቸውን አጎቴ ነገራት። ሰምታ ስታበቃ “ፊቱን ያየው ማን ነው?” አለች። መርዶ ነጋሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው ፊቱን ያየ አልነበረም፤ የመጣላቸው ጎራዴውና ለምዱ ብቻ ነው። “ጎራዴማ ይዋሳል” አለችና ከብቶቹን ልታወጣ ተነሣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ማልቀስ አልተቻለም። እኅቴ እንባዋ ሲመጣ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ትወርዳለች፤ ውሃው ቤት ሞልቶ እያለ፣ ጎረቤት “ምን ልትጠምቁ ነው?” እስኪል ድረስ ትመላለስ ነበር። የነፍስ አባታችን “ሬሳው ባይመጣም ፍትሐቱ በስሙ ይደረግለት፣ አልቅሱና ተዝካሩን አስቡ፤ ነፍስን መንገድ ላይ አታቁሙ” እያሉ ይወተውቱናል። እናቴ ግን ማታ ማታ የበሩን መቀርቀሪያ ታነሣለች። “ሲመጣ ደጅ ቆሞ እንዳያንኳኳ” ትላለች። አንኮበር ደግሞ ጅቡ ሰው የማይፈራበት አገር ነው። እኔ ጦሬን ከጎኔ አጋድሜ፣ ጆሮዬን በሩ ላይ ጥዬ አድራለሁ። ወንድሜን እወደው ነበር፣ እግዜር ያውቃል፤ ሞቶም እንቅልፍ ስለነሣኝ ግን በጣም ተናድጄበት ነበር።

በአገራችን ሰው በሩቅ ሲሞት ወግ አለው። እንጨት ተጠርቦ የሟቹን ልብስ ይለብሳል፣ ጋሻና ጎራዴው አጠገቡ ይቆማል፣ ሰውም በዚያ ምስል ዙሪያ ያለቅሳል። አጎቴ ይህንኑ ቢያቀርብላት እናቴ ሳቀችበት። “እኔ ለእንጨት አላለቅስም። ፊቱን አምጡልኝና አለቅሳለሁ” አለች። አሁን ሳስበው፣ ያንን ያለችው ማንም እንደማያመጣው እርግጠኛ ሆና ነው።

እኅቴ ግን ወደ እኔ ዞረች። “አንተ ዘንድ ፊቱ አለ አይደል?” አለችኝ።

ነበረኝ። ሥራዬ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ ነገር ግን ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሳይሄድ በፊት አንኮበር ፈረንጅ የማይጠፋባት ከተማ ነበረችና፣ አንዱ ቀለም ስበጠብጥ አይቶኝ ለፎቶግራፍ ሥራው ቀጠረኝ። ምስሉ የሚቀረጽበትን መስተዋት ማጠቡን፣ በጨለማ ጓዳ መድኃኒት ማደባለቁን፣ ወረቀት ላይ ማውረዱን ከእሱ ተማርኩ። አገሩ ሲገባ አሮጌ የፎቶግራፍ ማንሻ ሣጥኑን፣ የተረፉትን ብልቃጦችና ለሸክም የማይረቡ ያላቸውን መስተዋቶች ትቶልኝ ሄደ። ከእነዚያ አንዱ ላይ ወንድሜ ነበረበት። በራፋችን ላይ አቁሞ በጧት ፀሐይ ነበር ያነሣው። ብርሃኑ በግራ ጉንጩ መጥቶ ግራ ዓይኑንና ከቅንድቡ በላይ ያለችውን ጠባሳ ቁልጭ አድርጎ አወጣ፤ ቀኙ ግን ከቤቱ ጨለማ ጋር አንድ ሆኖ ጠፋ። ፈረንጁ በዚህ በጣም ተደስቶ ነበር። እኔ በሆዴ “ይህ ሰው ወንድሜን ምን አደረገብኝ” አልኩ።

ለምን እንደደነገጥኩ ሥዕል የሚያውቅ ይረዳኛል። በእኛ ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያይሃል። በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ጌታን የቸነከሩት ናቸው። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ቢሆንም ተስፋ አድርጌ ምስሉን ወረቀት ላይ አወረድኩት። የነፍስ አባታችን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት፣ መለሱት፣ እንደገና ወሰዱት። “ልጄ፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ አንተ ታስተምረኛለህ እንጂ እኔ አላስተምርህም” አሉ።

“እኔ አልሣልኩትም አባቴ። ፀሐይ ናት የሣለችው።”

“ፀሐይም ብትሆን!”

እናቴ አንዴ አየችና ወረቀቱን በፊቱ ደፋችው። “እኔ የወለድኩት ባለሁለት ዓይን ነው” አለች።

እንግዲህ ሁለተኛውን ዓይን ፍለጋ የጀመርኩት ያን ዕለት ነው። ሠዓሊ አይደለሁ? ብሩሼን አነሣሁና በጨለማው በኩል ዓይን ሣልኩለት። እጄ የለመደው የሰማዕታትን ዓይን ነው፤ ሰፊ፣ ሎሚ የሚያህል፣ ዙሪያው በጥቁር የተከበበ። ሥራዬን ጨርሼ ፈቀቅ ብዬ ሳየው እኔው ራሴ አፈርኩ። እኅቴ ግን አልራራችልኝም። “ግማሹ ወንድሜ፣ ግማሹ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ፈረሱስ የት ቀረ?” አለችና መርዶ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ቀደድኩት።

ቀጥሎ ሌላ ብልሃት መጣልኝ። መስተዋት እኮ በጀርባውም ያሳያል። የመስተዋቱን ፊት አድርጌ የግራ ጉንጩን አወረድኩ፣ ከዚያ ገልብጬ ያንኑ ጉንጭ በቀኝ በኩል ደገምኩት። ሁለት ግማሾች ገጥመው አንድ ሰው ሆኑ። በብልሃቴ እንዴት ኮራሁ! ግን ሰውዬው ማን ነው? አፍንጫው እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ አፉ የጠበበ፣ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት የሆነ ሰው ነበር። አጎቴ አይቶ አማተበ። “ወንድምህን ይመስላል፤ ግን ወንድምህን የሚመስል ነገር ነው እንጂ እሱ አይደለም” አለኝ። ይህን አስተያየት ምን አደርገዋለሁ? እናቴ ጣቷን በአንዱ ጠባሳ ላይ አሳረፈች፣ ቀጥላም በሌላው ላይ። “ልጄ የገና ጨዋታ ሲጫወት የተፈነከተው አንዴ ነው” አለች። እሷም ልክ ነበረች፣ እኔም ቀደድኩት።

ወረቀት መቅደድ ቀላል ይመስላል። ያን ጊዜ ወረቀቱን የምናሰናዳው በእንቁላል ነጭ ነው፤ ተመትቶ፣ አረፋው ወርዶ፣ ወረቀቱ ይቀባበታል፤ ሲደርቅ ደግሞ የብር መድኃኒቱ ይከተላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሁዳዴ ጾም እምብርት ነው! ሰው ሁሉ ሽሮ ሲበላ እኔ በየቤቱ እንቁላል ስጡኝ እላለሁ። በዚያ ላይ የብር መድኃኒቱ ጣቴን አጥቁሮታል፣ ሳሙናም እንዶድም አያስለቅቀው። ጎረቤት እንዲህ ሲል ሰማሁ፤ በቀን እንቁላል ይውጣል፣ ማታ ከሰይጣን ጋር ጣቱን ያጠቁራል። የነፍስ አባቴም ጠርተው “እውነት ነው?” አሉኝ። “አባቴ፣ ነጩን ወረቀት ይጠጣዋል፣ አስኳሉን ውሻው ይበላዋል” ብላቸው “እንግዲያው የገደፈው ውሻው ነው” ብለው አሰናበቱኝ። ውጭ እስክወጣ ድረስ ፈገግ ማለታቸውን አላወቅሁም፤ ተናድጄ ነበር።

እንግዲህ አንድ መንገድ ቀረኝ። ከአንድ ማሕፀን የወጣን ነን፤ ዓይኔም ከእሱ ዓይን ጋር አንድ ናት እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ግራውን ከእሱ፣ ቀኙን ከእኔ አድርጌ ላጋጥመው አሰብኩ። እኔ በራፉ ላይ፣ እሱ በቆመበት ቦታ እቆማለሁ፤ ፀሐይዋ በቀኝ እንድትመታኝ ከሰዓት በኋላ ይሆናል፤ እኅቴ የሣጥኑን ክዳን ታነሣለች። ከዚያ ሁለቱን መስተዋቶች በየተራ አንዱ ወረቀት ላይ ማውረድ ነው፤ መጀመሪያ የእሱን፣ ቀኙን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ፣ ቀጥሎ የእኔን፣ ግራውን ሸፍኖ።

ሲነገር ቀላል ነው። የመጀመሪያው ላይ የእኔ ዓይን ከእሱ ከፍ ብሎ ተቀመጠ፤ አንዱ ዓይን ሰገነት ላይ ሌላው ምድር ቤት የሚኖር መሰለ። ጥቂት ወደ ኋላ ሸሸሁና ደገምነው፤ አሁን ደግሞ ዓይኔ ትንሽ ሆነች። ቀጥሎ መጋጠሚያው ግንባሩን በቢላዋ እንደተቆረጠ ለሁለት ከፈለው፤ ጨርቁን ፀሐይ ላይ ሳለ ቀስ እያልኩ ማንቀሳቀስ እንዳለብኝ እስካውቅ ድረስ ስንት ወረቀት እንደበላሁ አልናገርም። በየመሃሉ ጉሙ ይመጣል። የአንኮበርን ጉም የማያውቅ ሰው ጉም አላውቅም ይበል። ፀሐይዋ ጥርት ብላ ሳለ ከቆላው ሽቅብ ይነሣና የገዛ እጅህን ይሰውርብሃል። ወረቀቱን አስጥቼ፣ ምስሉ ገና ቅንድብ ሲያወጣ፣ ጉሙ መጥቶ ይተኛበታል። ሰማዩን የሰደብኩበት ቀን አለ።

እየሠራሁም አስተያየቱ አይቆምም። አጎቴ በመጣ ቁጥር “አፍንጫው ትንሽ ዝቅ ይበል” ይላል፤ ዝቅ ሲል “ኧረ ቀድሞ ይሻል ነበር” ይላል። እናቴ አልቀበልም አትልም። ወረቀቱን በደንብ ታየዋለች፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ትናገራለች። ጆሮው። ጸጉሩ። የከንፈሩ ጠርዝ። አስተካክዬ ስመለስ ሌላ ታወጣለች። አንድ ቀን ጮኼ “እማዬ፣ ምን ብሠራ ነው የምትቀበይው?” አልኳት። “እሱን” አለችኝ።

እኅቴ እንጨት ስንፈልጥ “አልገባህም እንዴ?” አለችኝ። “አላለቀም እያለች ነው የምትኖረው። ሥዕሉ ካለቀ እሱም ያልቃል።”

ገብቶኝ ነበር። ቢሆንም ተናደድኩ። ሐዘንዋን በእኔ ጣት ታራዝማለች፣ መድኃኒቱ ግን እያለቀ ነው፤ ከብልቃጡ ሥር የቀረው አንድ ሁለት ጊዜ ቢያሠራ ነው።

ከዚያ እኅቴ ራሷ እንከን አወጣች። ዓይኖቹ ልክ ተቀምጠው፣ መጋጠሚያው ጠፍቶ፣ አለቀ ባልኩበት ጊዜ አተኩራ አየችና “ይህ የተቆጣ ዓይን ነው። እሱ መቼ ተቆጥቶ ያውቃል?” አለች። አየሁት። እውነቷን ነው። ግራው ዓይን ገና የጧት ፀሐይ እንደሞቀው ሰው ዝም ብሎ ያያል፤ ቀኙ፣ የእኔ፣ ሰው ሊደበድብ የተነሣ ይመስላል። በዚያ ጉም፣ በዚያ ጾም፣ በዚያ ሁሉ አስተያየት መካከል ምን ዓይነት ዓይን ሊኖረኝ ኖሯል?

ለመጨረሻ ጊዜ እንሞክር ብዬ በራፉ ላይ ቆምኩ። እኅቴ ከሣጥኑ ጀርባ እጇን ክዳኑ ላይ አድርጋ “አትቆጣ” አለችኝ። “አልተቆጣሁም!” ብዬ ጮኽኩባት። ክዳኑን ሳታነሣ ቆየች። እናቴ ጓሮ ነበረች፣ ምንጩም ሩቅ ነው። ድምፅ ሳታሰማ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ እኅቴ እዚያው ቆማ ማልቀስ ጀመረች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ሲንጠባጠብ አየሁ። እንዳልንቀሳቀስ ብላ እንደሆነ አላውቅም፣ በእንባዋ መሃል ክዳኑን አነሣችና በልቧ ቆጥራ መልሳ ገጠመችው። እኔም አልተንቀሳቀስኩም፤ እሷን ነበር የማየው።

መስተዋቱን ሳጥበው ዓይኑ ልክ እንደሆነ ገና በጨለማው ጓዳ አወቅሁ።

ጉሙን ግን ከእንግዲህ ላምነው አልፈለግሁም። ሁለቱን መስተዋቶች በጥጥ ጠቅልዬ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ወረድኩ። እዚያ ከፈረንጁ ዘመን ጀምሮ የማውቀው ነጋዴ አለ፤ ጨውና ጨርቅ ይነግዳል፣ ግቢው ደግሞ ፀሐይ የማይጠፋበት ነው። ስለ ወንድሜ ስነግረው “አላህ ይዘንለት፣ እናትህንም ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጣት” አለና ግቢውን ለቀቀልኝ። ወረቀቱን አሰጣሁት። የአልዩ አምባ ፀሐይ እንደ አንኮበሯ አታመነታም። ወንድሜ ቀስ እያለ ወጣ፤ መጀመሪያ ጠባሳው፣ ቀጥሎ ግራ ዓይኑ፣ ቀጥሎ ጨርቁን ሳንቀሳቅስ ቀኙ። አጥቤ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ሳየው ወደ ኋላ ሸሸሁ። ወንድሜ አልነበረም፤ እኔም አልነበርኩም። አንድ ዓይኑ ካለፈ ጧት ያያል፣ ሌላው አሁን ያያል፣ ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ፣ ወደ አንተ። ነጋዴው ከሶላት ሲመለስ ቆሞ አየውና “ወላሂ፣ ሥራህ ሥራ ነው። ግን ልጆቹ በዚያ በኩል አናልፍም አሉ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙርልኝ” ሲል ለመነኝ። የዚያን ያህል ጊዜ ስደክም የሰማሁት የመጀመሪያው ምስጋና ይህ ነበር።

በማግስቱ ሽቅብ ወጣሁ። ቤት ስደርስ አጎቴና የነፍስ አባታችን እናቴን ሊመክሩ መጥተው ተቀምጠዋል፣ እኅቴ ገብስ ታበጥራለች። ወረቀቱን ፈታሁት። አጎቴ ስለ አፍንጫው ምንም አልተናገረም። የነፍስ አባታችን ሁለቱን ዓይኖች አይተው መስቀላቸውን ጨበጡ፣ ከዚያም “እሱ ነው” አሉ። አሁን ከአንዲት ሴት በቀር የሚቀር የለም።

እናቴ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። አየችው። እንደ ወትሮዋ ጆሮ ወይ ከንፈር ትላለች ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። በግራው ዓይን ላይ ቆየች፣ ወደ ቀኙ ሄደች፣ እዚያም ቆየች። ከዚያ ወረቀቱን ይዛ ተነሣችና አገጬን ያዘች። ፊቴን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። ከመርዶው ወዲህ እናቴ በደንብ ስታየኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው።

“ይህ ያንተ ነው” አለች።

“አዎ እማዬ። የእሱ በዚያ በኩል ስላልወጣ ነው። ሁላችንም አንድ ዓይን ነን ትይ የለ?”

“ያንተ ዓይን ሙት ፊት ላይ ምን ያደርጋል?”

የሰፌዱ ድምፅ ቆመ። እኅቴ እጇ ገብሱ ላይ እንደደረቀ ቀና ብላ አየችን። እናቴ “ሙት” የምትለዋን ቃል በልጇ ላይ ጠርታት አታውቅም ነበር። አሁንም እንደጠራቻት ያወቀች አይመስለኝም።

“አንሣው” አለችኝ።

“እማዬ፣ ይህን ለመሥራት እኮ...”

“አንሣው አልኩህ! ከሙት ላይ ዓይንህን አንሣልኝ! ሞት አንዱን ወስዶታል፣ አንተንም አይቶ ይጥራህ? እኔ የምሰጠው ሌላ የለኝም!”

ተናደድኩ። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ያን ሰዓት የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፣ ንዴት ነበር። ያ ሁሉ ወረቀት፣ ያ ሁሉ ጉም፣ ያለቀው መድኃኒት። ወደ ነፍስ አባታችን ዞር ብል ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። ቢላዋዬን አወጣሁና ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ቀኝ ዓይኑን መፋቅ ጀመርኩ። የእንቁላሉ ቆዳ እየተላጠ ነጭ ወረቀት ወጣ። እናቴ አጠገቤ ተንበርክካ ጠርዙን ያዘችልኝ። “እዚህም ቀርቷል” ትላለች፤ እፍቃለሁ። “ቅንድቡም ያንተ ነው” ትላለች፤ እፍቃለሁ። እንደዚያ ቀን ተስማምተን ሠርተን አናውቅም።

“መስተዋቱስ ላይ አለህ?”

“አለሁ።”

“እሱንም።”

የእኔን መስተዋት ድንጋይ ላይ ሰበርኩት። ያን ጊዜ ተነሣች፣ የራስዋን ሻሽ ፈትታ ወገቧን አሠረችበት፣ እጄን ያዘችና እየጎተተች ወደ ደጅ አወጣችኝ። ጉሙ ግቢውን ሞልቶታል። እዚያ ቆማ የወንድሜን ስም ጠርታ ጮኸች። ጎረቤቱ በጉሙ ውስጥ እየሮጠ፣ ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ፤ እኅቴም ከበሩ ላይ ድምፅዋን ለቀቀችው። እናቴ ግን እጄን አልለቀቀችም። “ልጄ ሞተ! ልጄ ሞተ!” ትላለች፤ በሌላው እጇ ደግሞ ፊቴን፣ አንዱን ዓይኔንና ሌላውን ዓይኔን፣ እየደጋገመች ትዳስሳለች።